ትንፋሹ የሚጮኽ ሕፃንና የአየር ቧንቧ መላላት
(በሰፈራችን ማኅበር የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ ይመለከታል። በለሚ ብርድ ሕፃን ሲያስለው፣ ትንፋሹም ሲር ሲር ሲል ሁላችንም መልስ አናጣም። አንዱ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ሌላው «አስም ነው» ይላል። አንዳንዱም «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» ብሎ ይመክራል። በእርግጥ አብዛኛው ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ነገር ግን ከተወለደ ጀምሮ ወራት ሙሉ ትንፋሹ እየጮኸ የሚቆይ፣ የአስም መድኃኒት ተሰጥቶትም ያልተሻለው ሕፃን ሲያጋጥም ሌላም ነገር ማሰብ ይገባል። ይኸውም የአየር ቧንቧ መላላት የሚባለው ነው።

የአየር ቧንቧ ከማንቁርት ወደ ሳምባ የሚወርደው የትንፋሽ መተላለፊያ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክፍት ሆኖ እንዲቆም የሚደግፉት ልም አጥንቶች ናቸው፤ እንደ ጆሯችን ያሉ፣ አጥንት ይባሉ እንጂ የሚተጣጠፉ ማለት ነው። እነዚህ ደጋፊዎች ሲልፈሰፈሱ ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ ቧንቧው ይጠባል። ስለዚህ ድምፁ በተለይ ትንፋሽ ሲወጣ ይሰማል። ሳሉም እንደ ውሻ ጩኸት ይሻክራል። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ሲጠባ ወይም ጉንፋን ሲይዘው ይብስበታል። አክታው በደንብ ስለማይወጣለት የሳምባ ምች ሊመላለስበት ይችላል። የምግብ ቧንቧው ሳይገጣጠም ተወልዶ ኦፕራሲዮን የተደረገ ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ችግር በብዛት ይታያል።

በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከ2,100 ሕፃናት ቢያንስ አንዱ የላላ የአየር መተላለፊያ ይዞ እንደሚወለድ ገምቷል። የሚገርመው ግን በውስጥ መሣሪያ ከመታየታቸው በፊት በግማሽ ያህሉ ልጆች ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ችግሩን አለመጠርጠራቸው ነው። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ቢያሳስት አይደንቅም።

ታዲያ «ራጅ ተነሥቶ ደህና ነው ተባልን» የሚል ወላጅ አለ። ራጅ የአንድ ቅጽበት ሥዕል ነው። የደረት ራጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አየር ወደ ውስጥ በተሳበበት ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ የላላውም ቧንቧ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ራጁ ደህና መሆኑ ብቻውን ነገሩን አይቋጨውም።

ዋናው መመርመሪያ ዛሬም ብሮንኮስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ይገባና ሐኪሙ በዓይኑ ያያል። ሕፃኑ ግን ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ በሙያው የሠለጠነ ሐኪምም ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ምንም ነገር ወደ ውስጥ ሳይገባ ከውጭ ሆኖ የሚያሳይ ዘዴ ሲፈለግ ቆይቷል።

አንደኛው እየተንቀሳቀሰ የሚታይ ራጅ ነው። ሕፃኑ ሲተነፍስ ቧንቧው ሲጠብና ሲሰፋ በመስኮት ላይ ይታያል። ጠቦ ከታየ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ካልታየ ግን የለም ለማለት አያስደፍርም። ሁለተኛው ሲቲ ስካን ነው። አዳዲሶቹ ሰፋፊ ማሽኖች የትንሽ ልጅን ደረት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያነሡ ሕፃኑ እየተነፈሰ እንኳ ይሠራሉ። ቧንቧውን ከውጭ የሚጫን የደም ሥር ካለም ያሳያሉ። ዋናው ቁም ነገር ትንፋሽ ሲገባም ሲወጣም መነሣቱ ነው። በተለምዶ ቧንቧው ትንፋሽ ሲወጣ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከጠበበ ላልቷል ይባላል። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ያለ ምክንያት የሚደጋገም አይደለም። ሦስተኛው ጨረር የሌለው ኤም አር አይ ነው። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጨቅላዎችን ያለ ማደንዘዣ በዚህ መሣሪያ አንሥተው መላላቱን መለካት ችለዋል።

እነዚህ ማሽኖች በየጤና ጣቢያው የሚገኙ አይደሉም። መንገዱም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ ነው። የጤና መድህን ያላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ተከተሉ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ላይሸፈንላችሁ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡም ድምፁ መቼ እንደ ጀመረ፣ ትንፋሽ ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን መድኃኒት እንደ ተሞከረ ተናገሩ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ልጁ ዝም ሊል ይችላልና ቤት ውስጥ ሲጮኽ በሞባይል ቅረጹት። ይህን ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደ እንጥል ቆረጣ እንመለስ። እንጥል ያለው አፍ ውስጥ ነው፤ የላላው ቧንቧ ከአንገትና ከደረት ውስጥ ነው። እንጥሉን መቁረጥ ታዲያ ቧንቧውን ምን ሊያደርገው? ያተረፍነው መድማትና ቁስል መመረዝ ነው፤ ሕፃን እስከ መሞት ይደርሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃናትን መጉዳትን ያስቀጣል።

ደስ የሚለው ነገር፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ልም አጥንቱ እየጠነከረ ሲሄድ በአንድና በሁለት ዓመታቸው ይሻላቸዋል። እስከዚያው ክትትልና የሳምባ ምችን ቶሎ ማሳከም ይበቃቸዋል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ስለዚህ አደራ የምንለው ይህን ነው፦ ጎረቤት ሕፃን ይዞ ወደ እንጥል ቆራጭ ሲሄድ ስናይ ዝም አንበል። ሪፈር ተጽፎለት የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጠረውም ለኮሚቴው ያሳውቅ፤ አብረን እንመካከራለን። ልጅ የወላጁ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩም ነው።