ጭንቀት የሌለበት ሰፈር የለም፤ ብቻውን የሚጨነቅ ሰው ግን አይኑር
(ሳንሱሲ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



ከሥራና ከትምህርት ውላችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ውስጣችን ነው።

ረዳቱ በየቀኑ «ሳንሱሲ! ሳንሱሲ!» እያለ ይጣራል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ቢሰማ «ያለ ጭንቀት» ብሎ ይተረጉመዋል። የፕራሻው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም ፖትስዳም ላይ እ.ኤ.አ. በ1747 ያስመረቀውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ነው የጠራው። ከጭንቀት የሚያርፍበት ቤት መሆኑ ነው። ይህ ንጉሥ ምን ብሎ እንደተናዘዘ ታውቃላችሁ? እዚያው ግቢ፣ ከውሾቹ ጎን እንዲቀብሩት!

እኛስ? ቤተ መንግሥት የለንም፤ ስልክ አለን። እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት አፍጥጠን ስለ ወገን እንቆጣለን፣ እንሰዳደባለን፣ ደክሞን እንተኛለን። ከግድግዳው ማዶ ያለው ልጅ ሥራ ካጣ ስንት ወሩ እንደሆነ ግን አናውቅም።

እኔም ያው ነኝ። አንድ ጓደኛዬ ለሳምንታት ስልክ አላነሳ ሲለኝ «ኮርቶብኝ ነው» ብዬ ተቀየምኩት። ኋላ ሳገኘው ከቤት መውጣት ቀርቶ ፊቱን መታጠብ እንኳ አቅቶት ነበር። ቤቱ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። እሱ እንዲህ ሲሆን እኔ «ለወገን ደራሽ ወገን ነው» እያልኩ ስጽፍ አመሽ ነበር። ስናገረው አፍራለሁ፤ ግን ልናገረው ይገባል።

እስቲ እዳዬ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ጉዞ ወሎ ወርደው በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን አዩ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ የሞቀ ትዳራቸውን ትተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ጭንቀት የሌለበት ቀን የነበራቸው ይመስላችኋል? ነገር ግን ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ «እናቴ» ብሎ ያለቀሰላቸው ሰው ብዙ ነበር።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ትርጉም ያለው ሕይወት ማለት ጭንቀት የሌለበት ሕይወት ማለት አይደለም። የምትጨነቅለት ሰው ሲኖርህ፣ ለአንተም የሚጨነቅ ሰው ሲኖር ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ዕድር አላቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ለቀስተኛው ይቀመጣል። ኀዘንተኛ ብቻውን አያድርም። እኛ ወጣቶች ግን ከዕድሩም የለንበት፣ በቡናውም ሰዓት ስልካችን ላይ ነን። ታዲያ እኛ ሲከፋን ማን ያውቃል? ለመጠያየቅ የግድ ድንኳን እስኪተከል እንጠብቅ?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከሰው ጋር በመጫወት ብቻ የማይድን ሕመም አለ። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ መኖር ሲያስጠላ ሐኪም ያስፈልጋል። ስንሳደብ «አማኑኤል ይውሰዱህ» እንላለን አይደል? አማኑኤል ሆስፒታል ሰው የሚታከምበት ቤት እንጂ መሰዳደቢያ አይደለም። ይህቺን ስድብ ከዛሬ ጀምሮ እንተዋት። ጸሎቱም ጠበሉም ይኑር፤ ሕክምናው ግን አይቅር። ጓደኛህ «መሞት እፈልጋለሁ» ካለህ «አይዞህ» ብለህ አትለየው። አብረኸው ሂድ፤ ካርድ አውጣለት፤ ወረፋውን አብረኸው ጠብቅ።

ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ድምፁ የጠፋባችሁን አንድ ሰው አስቡ። መልእክት አትላኩለት፤ ቤቱ ሂዱና በሩን አንኳኩ። «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

የከፋችሁ እናንተ ከሆናችሁም አትደብቁን። ወገን ማለት ይሄ ነው።