ወዳጅ ላጡ አብያተ ክርስቲያናት

በእንግሊዝና በዌልስ ገጠር ምእመን የራቃቸው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት አይደሉም። ይህ ያሳሰባቸው የቀድሞው የፓርላማ አባል አይቮር ቡልመር ቶማስ በፈረንጆቹ 1957 «ወዳጅ ያጡ አብያተ ክርስቲያናት ወዳጆች» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ዛሬ ከ60 በላይ ሕንፃዎችን ይጠብቃል፤ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞችም በር በመክፈት፣ ቁልፍ በመያዝና በመጥረግ ያግዙታል።

ሥራው ከሚመስለው በላይ ዕውቀት ይጠይቃል። የድሮ ግንብ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ቅጠል የደፈነውን አሸንዳ በወቅቱ መጥረግ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ እድሳት ያስቀራል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ የሚሻለው ግንቡን የሚያስተነፍሰው ኖራ ነው። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፍ ካለችማ ሌላ ጣጣ ነው! ሕግ ስለሚጠብቃት ማባረር አይቻልም፤ ኩሷን እያነሱ መኖር ነው እንጂ።

እኔን የሚገርመኝ ይህን የለመደ በጎ ፈቃደኛ ሌላ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሊጎበኝ ሲሄድ ነው። ሌላው ባለቀለሙን መስኮት ፎቶ ሲያነሳ፣ እሱ ከኋላ ዞሮ የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ ያያል።