አሮጌ ቮልስ ስለ ማደስና ስለ ማሻሻል
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ በርእሱ ሲታይ ትንሽ፣ ምናልባትም የዕረፍት ቀን ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም ዕድሜዋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈ አንዲት ትንሽ መኪና እንዴት እንደምትታደስና እንዴት እንደምትሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ደመወዝ በማይከፈልበትና አለቃ በማይቆጣጠረው ሥራ ላይ የባለሙያው እውነተኛ ልክ ስለሚታይ፣ ጉዳዩ ለማኅበራችን የማይገባ አይመስለኝም። የምናገረውም ከጥቂት ባልደረቦች ጋር በአቃቂ ቃሊቲ ቅዳሜና እሑድ ከምንሠራው ሥራ በመነሣት ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አሮጌ መኪናን ማሻሻል የሚገባው መጀመሪያ ሠሪው ወደ ወሰነላት ልክ ከመለሷት በኋላ ነው። መሻሻሏም ለምትተነፍሰው አየር፣ ለምትሄድበት መንገድና ለተሳፋሪዋ ሕይወት መሆን አለበት እንጂ ለተመልካች ዓይን መሆን የለበትም።

በእኛ አጠራር ቮልስ የምንላት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በፌርዲናንድ ፖርሽ መሪነት በጀርመን አገር ተነድፋ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት መሠራት የጀመረች ናት። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1978፣ በመጨረሻም በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 መሠራቷ ሲያበቃ፣ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በአገራችንም የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖራለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደ ነበር የሚታወስ ነው።

እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የመቆየቷ ዋና ምክንያት አሠራሯ ለጠጋኙ ግልጽ መሆኑ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ እንጂ የተበየዱ አይደሉም። ራዲያተር የላትምና ውኃ አይፈላባትም። እንዲህ ያለች መኪና ለተማሪም ለአስተማሪም ትመቻለች።

አቃቂ ቃሊቲም ለዚህ ሥራ የሚስማማ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ ያልፍ ነበር። በኋላም ፋብሪካዎች በዚሁ መሥመር ተተከሉ። ከእነዚህም መካከል የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ እንዲሁም የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ለእኛ ሙያ ቅርብ ናቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ቶርኖ የሚያዞር፣ የሚበይድና ላሜራ የሚቀጠቅጥ እጅ ፈልጎ ማግኘት አይቸግርም። በሌላ በኩል ግን ይኸው አካባቢ የከተማዋ ደቡባዊ በር ስለሆነ፣ ከወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ብዙ ነው። ስለዚህ ትንሿ መኪና የምትጠገንበት ቦታ ራሱ የምትፈተንበት ቦታ ነው።

አንደኛ፤ ወደ ልኳ ስለ መመለስ

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ከበስተኋላ ያለው ማራገቢያ አየሩን ይገፋል፤ አየሩን በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ የሚመራው ግን ሞተሩን የከበበው ላሜራ ነው። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ወጥቶ በገባ ቁጥር ከዚህ ላሜራ አንዱ ክፍል ይጠፋል፤ ወይም «ትርፍ ነው» ተብሎ ይጣላል። በላሜራውና በመኪናዋ አካል መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ላስቲክም እንዲሁ ደርቆ ይወድቃል። የላሜራውና የላስቲኩ ተግባር ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከማርሚታው ከሚነሣው ትኩስ አየር መለየት ነው። እነርሱ ከጎደሉ ማራገቢያው የራሱን ሞተር ትኩሳት መልሶ ይስባል። ባለቤቱም ሞተሩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል ሳያውቅ ፒስተንና ቫልቭ ሲገዛ ይኖራል። እንግዲህ የመጀመሪያው «ማሻሻያ» የጎደለውን ላሜራ ቀጥቅጦ መልሶ መግጠም ነው።

የአየሩን መጠን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም «ለብርድ አገር የተሠራ ነው» ተብሎ ይነቀላል። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አቃቂ ብርድ አገር ነው፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተርም ሲሊንደሩን ያለ ጊዜው ይበላል። ከዚህም በላይ ቴርሞስታቱ ቢበላሽ የአየሩ በር ክፍት ሆኖ እንዲቀር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ቢኖር ጉዳት የለውም።

የቫልቭ ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ በሚገባ ስለማያርፍ ሙቀቱን ማስተላለፍ አይችልም፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ተቀምጦ የሚደርሰውን አየር ያሞቅበታልና። ሠሪው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ አንሥቶ በተለየ የአየር መንገድ ላይ አድርጎታል። ይህን የኋለኛውን አሠራር በአሮጌ ሞተር ላይ መግጠም ሊደገፍ የሚገባው ማሻሻያ ነው።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ የሚያጣራውም ተራ የሽቦ ወንፊት ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም ስለሆነ በጊዜው መለወጥ አለበት። አየሩን በዘይት የሚያጣራውን አሮጌ ማጣሪያ አንሥቶ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ማጣሪያ መግጠም በአሁኑ ጊዜ ይወደዳል። ደኅና ሆኖ የተያዘ የዘይት ማጣሪያ ግን ለአቃቂ አቧራ የታመነ መሣሪያ ስለሆነ ባይነካ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ለከፍታው አየር ስለ ማስተካከል

አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። 1,192 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ቢመዘገብም፣ እኛ ዘንድ የሚሰጠው ወደ 27 ገደማ ነው። «መኪናዋ ደከመች» ከሚሉት ባለቤቶች ብዙዎቹ ያገኙት ድካም ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው።

ሊታረም የሚችለው ግን የቤንዚኑ ልክ ነው። በካርቡራተር ውስጥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ በ80 በመቶ ጥግግት ውሕዱ ከሚፈለገው በ12 በመቶ ያህል ይወፍራል። ትርፉ ቤንዚን ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፤ የባለቤቱንም ኪስ ይጎዳል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ ስፋት በአንድ ዐሥረኛ ያህል ማሳነስ ነው። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 1.25 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 1.18 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያም የካንዴላው ቀለም እየታየ ልኩ ይረጋገጣል።

ይህ ስሌት ግን ለአቃቂ ብቻ የሚያገለግል ነው። መኪናዋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ስትወርድ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚወፍር ውሕዱ ይሳሳል፤ የሳሳ ውሕድ ደግሞ በዚያ ቆላ ሞተሩን ያግላል። በመሆኑም የቀድሞው ቀዳዳ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ተጠብቆ ከጉዞ በፊት መመለስ አለበት። አንድ ማሻሻያ ተመልሶ ሊፈታ የሚችል ይሁን የምለውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ጉልበት ከመጨመር በፊት ማቆምን ስለ ማስተማር

ወጣቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁት 1,584 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነውን ትልቁን ሞተር ስለ መግጠም ነው። ይቻላል፤ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር እንዲስማማ በሕግ ካስመዘገቡ በኋላ። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ።

በአሮጌዎቹ ቮልሶች ለአራቱም እግር የተሰጠው የፍሬን ዘይት መሥመር አንድ ብቻ ነው። አንድ የጎማ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬኖች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ከፊቷ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ከኋላዋ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ባለበት በቃሊቲ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሠሪው በኋለኞቹ መኪኖች ላይ የፊቱንና የኋላውን መሥመር ለይቶታል፤ ያንን ባለ ሁለት መሥመር የፍሬን ፖምፓ በአሮጌዋ ላይ መግጠም ይቻላል። በእኔ አስተያየት በመኪናዋ ላይ ከሚደረጉት ለውጦች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ መሆን አለበት። የፍሬን ዘይቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። በምትኩም ሌላ ዘይት መጨመር ላስቲኩን ያሳብጣልና ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው የቤንዚን ቱቦ ነው። ብዙ ቮልሶች የጠፉት በግጭት ሳይሆን በእሳት ነው፤ ቤንዚን የሚወስደው ቱቦ በጋለ ሞተር ላይና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካለበት አጠገብ ያልፋልና። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኢታኖል መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይሸጥ ነበር። የጥንቱ ላስቲክ ለዚህ የተሠራ ስላልሆነ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የተገጠመ ቱቦ ካለ ያለ ምርመራ ይጣል። የዐሥር ደቂቃ ሥራ መኪናንም ሰውንም ያድናል።

ሦስተኛው የጎማ ነገር ነው። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማዋ ወደ 1.2፣ የኋላዋ ወደ 1.7 ባር ይነፋል። አራቱንም እኩል መንፋት ግን በመታጠፊያ ላይ ጅራቷ እንዲያመልጥ ያደርጋል። መኪናዋን ለውበት ብሎ ዝቅ ማድረግም በየመንገዱ ባለው ጉብታ የዘይት ማጠራቀሚያዋን ለመሰበር ማጋለጥ ነው። ባለ 6 ቮልት የሆኑትን አሮጌዎቹን ወደ 12 ቮልት መለወጥ ግን በሌሊት መንገድን ስለሚያሳይ ይደገፋል።

አራተኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ «ቮልሷን ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አንለውጣትም» የሚለው ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና የአቃቂ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። የቮልስዋገን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ በዚህ መልክ ለውጦ አሳይቷል። ሞተሩ 60 ኪሎዋት፣ ባትሪው 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ መኪናዋ 1,280 ኪሎ ግራም መዝናለች። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የመጀመሪያይቱ ቮልስ ክብደቷ 800 ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላ ነበር። ከግማሽ በላይ ክብደት የጨመረች መኪና የቀድሞውን ፍሬን፣ የቀድሞውን አሞርዛተርና ዝገት የበላውን ወለል ይዛ ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ቢመጣም የጥገናው ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ በመጨረሻ ሞተሩ።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ ለማኅበራችን የሚቀርብ ነው። በየጋራዡ የሚገኘው ዕውቀት በእጅ እንጂ በጽሑፍ አይተላለፍም፤ ባለሙያው ሲያርፍ ልኩም አብሮት ይቀበራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ሳይለካና ሳይመዘገብ የተገጠመ ነገር መንገድ ላይ ይፈታል፤ ጉዳቱን የሚከፍለው ግን ገጣሚው ሳይሆን ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። እያንዳንዱ አሮጌ መኪና የሚያድስ አባል ከሥራው በፊትና በኋላ የለካውን በመዝገብ ይጻፍ። የወለቀውን የመጀመሪያ ዕቃ ስም ጽፎ ያስቀምጥ እንጂ አይጣል። ማኅበራችንም እነዚህን መዝገቦች ሰብስቦ ለከፍታ አገር የሚስማማ የጥገና መጽሐፍ በአማርኛ ያዘጋጅ፤ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም ይስጥ። የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለሌላ አየርና ለሌላ መንገድ ነው። የእኛን አየርና የእኛን መንገድ የሚያውቅ መጽሐፍ ከእኛ በቀር የሚጽፍልን የለም።