እርከኑ የማን ነበር?
(ስለ ተፋሰስ ጥበቃ በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። የምናገረው ወሎ ውስጥ ስዞር ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ «ምግብ ለሥራ» እያለ ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰፍር ነበር። ገበሬው እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ፤ ኮረብታው ከከብት ተከለለ። ለፈረንጅ የሚላከው ሪፖርትም በኪሎ ሜትር ተለካ። ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅስ? በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የማኅበር ደኑ ተጨፈጨፈ።

«ሕዝቡ አልገባውም» ተባለ። እኔ ግን አልቀበልም! አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ስንዴው የኛ፣ እርከኑ የመንግሥት ነበር» አሉኝ። ይቺን ለማወቅ በዶላር የሚከፈለው አማካሪ ያስፈልግ ነበር እንዴ? በ1967ቱ አዋጅ መሬት የግል መሆኑ ቀረ፤ ከዚያም ማሳው በየጊዜው እየተሸነሸነ ተደለደለ። ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጥ በሚችል ማሳ ላይ ማን ድንጋይ ሲክብ ይውላል? ደግሞም እርከን ከጠባቡ ማሳ ላይ ቦታ ይሻማል፤ ድንጋዩ ሥር አይጥ ይራባል። ገበሬው ይህን ቢናገርም ሰሚ አላገኘም፤ ዕቅድ የሚወርደው ከላይ ነበራ!

በኋላ ነገሩ መሻሻሉን አልክድም። ዕቅዱ ወደ መንደር ወረደ፤ በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የይዞታ ደብተር ታደለ። መሬቱ ግን ዛሬም «የመንግሥትና የሕዝብ» ነው።

እናንተ የፕሮጀክት ኃላፊዎች፣ እስቲ የተሠራውን ኪሎ ሜትር ተዉትና ገንዘቡ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ እርከን እንደቆመ ሄዳችሁ ቁጠሩልን። እኔም አብሬያችሁ እወጣለሁ፤ አበል አልጠይቅም።