ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንመዝን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሠራተኞቻችን የሥራ ምዘና ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ የደመወዝ መክፈያ ሳዘጋጅ የፊርማ መዝገቡ ይቀርብልኛል። መዝገቡ ማን ስንት ሰዓት እንደገባችና እንደወጣች ይነግረኛል። በመካከሉ ምን እንደሠራች ግን አይነግረኝም።

እኛ የወላይታ ሴቶች ይህን ልዩነት ከእንሰት እናውቀዋለን። እንሰት የፋቀችን ሴት «ስንት ሰዓት ቆየሽ?» የሚላት የለም። የሚታየው ቃጫው ላይ የሚበላ ነገር መቅረት አለመቅረቱ፣ በኋላም ቆጮው ከጉድጓድ ሲወጣ ያለው ጥራት ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የምታጠባ ባልደረባ ነበረችን። የወሩን ሒሳብ ከሁላችንም ቀድማ ትዘጋ ነበር። ልጇን ለማጥባት ስለምትወጣ ግን በምዘና ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። የባንክ ማስታረቂያው ሁለት ወር የዘገየበት፣ ግን በየቀኑ የሚያመሽ ሰው «ታታሪ» ተባለ። በሰዓት ብቻ ስንመዝን በብዛት የምትጎዳው ቤትም ልጅም የሚጠብቃት ሴት ናት።

ይህን ስል ሰዓት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ሠራተኛዋን የሚጠብቅ አጥር ነው። «በውጤት ነው የምንመዝነው» ብለን ሥራ እየቆለልን እስከ ሌሊት ብናስቀምጣት አጥሩን አፈረስን ማለት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ደግሞ በ2 ተባዝቶ ይከፈላል።

ውጤትም ቢሆን ብቻውን ሊበድል ይችላል። ቡና ለቃሚ ሴቶች የሚከፈላቸው በለቀሙት ኪሎ ነው። ዛፉ ሲያፈራ ይጠቀማሉ። ፍሬው ሲሳሳ ግን ያው ጉልበት ወጥቶ ክፍያው ይቀንሳል፤ የዝናቡን ጉድለት ለቃሚዋ ትከፍላለች። የእኛም የቁጠባ ሰብሳቢ በተሰበሰበው ብር ብቻ ብትመዘን አባላት ለጊፋታ ገንዘባቸውን በሚያወጡበት ወር ያለ ጥፋቷ ትወድቃለች። በእጇ ያለው ነገር ሌላ ነው፦ አባላትን በቀጠሮ መጎብኘቷ፣ የእያንዳንዷ ደብተር ከዋናው መዝገብ ጋር መስማማቱ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ጥራት እንደሚጠበቅባት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የውጤት ተኮር ምዘናን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቅጹ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ተፈልጎ የሚሞላ ከሆነ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛ፣ በእጇ ባልሆነ ነገር አትጠየቅ። አዋጁ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ፈቃድ ላይ የቆየችበት ጊዜ ከሚጠበቅባት ሥራ ላይ ይቀነስላት እንጂ እንደ ጉድለት አይቆጠርባት።

ሦስተኛ፣ መገኘት ራሱ ሥራ የሆነባቸውን እንለይ። የጥበቃ ሠራተኛና የሱቃችን ሻጭ በሰዓታቸው ካልተገኙ ሥራው የለም። ለእነሱ ሰዓት ዋና መመዘኛ ሆኖ ይቀጥል።

ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። በሪፖርታችን ስንት ሴቶች ለስንት ቀን እንደሠለጠኑ እንጽፍላችኋለን። ይህም የፊርማ መዝገብ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ስንቶቹ እንደቆጠቡ፣ ስንቶቹ ብድራቸውን መልሰው ንግዳቸውን እንደቀጠሉ ጠይቁን። እኛም ሠራተኞቻችንን በምንመዝንበት ሚዛን ለመመዘን ዝግጁ እንሁን።

የምዘና ቅጹ ዛሬ ለውሳኔ ይቀርባል። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ «እኔ ብሆን በዚህ ብመዘን ፍትሕ አገኛለሁ ወይ?» ብላችሁ አንብቡት።