የክለቦች የቼዝ ሻምፒዮና ታሪክና የሩቅ ቡድኖች ዕድል



ቼዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። ሰንጠረዥ እየተባለ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲዘወተር ኖሯል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሥርዓት በሰፊው አጥንተው አሳትመዋል። በሰንጠረዥ ሕግ መሠረት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ኃይላቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተመልካቹ ድርሻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደ መሰከረው፣ በገበታው ዙሪያ የቆመ ሁሉ፣ አገልጋይ እንኳ ቢሆን፣ ምክር መስጠት ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዥ የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ቢመስልም የወገን ጨዋታ ነበር ለማለት ይቻላል።

ዘመናዊው የክለቦች ሻምፒዮና ይህን የወገን መንፈስ በሌላ መንገድ ጠብቆታል። በግጥሚያ ጊዜ ምክር ክልክል ነው፤ የቡድኑ መሪ እንኳ አቻ ስለ መውጣት ወይም እጅ ስለ መስጠት ካልሆነ በቀር ቃል አይተነፍስም። ኅብረቱ የሚታየው በድምሩ ነው። ስምንት ገበታ ባለው ግጥሚያ አራት ተኩል ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፤ በአንደኛው ገበታ የተገኘ ግማሽ ነጥብም በስምንተኛው ከተገኘው አይበልጥም።

የእነዚህ ውድድሮች ታሪክ በአመዛኙ የማኅበራት ታሪክ ነው። በሶቪየት ኅብረት ቡሬቬስትኒክ የተማሪዎች፣ ሎኮሞቲቭ የባቡር ሠራተኞች የስፖርት ማኅበር ነበር። በኢትዮጵያም በሌሎች ስፖርቶች ስማቸው የታወቀው መቻል ከጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ ከፖሊስ መወለዳቸው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያው የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የሞስኮው ቡሬቬስትኒክና የምዕራብ ጀርመኑ ዞሊንገን ድሉን ተካፈሉ። በምዕራብ ጀርመን በአራት ምድብ ተከፍሎ የቆየው ቡንደስሊጋም እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ሆነ፤ የመጀመሪያውንም ሻምፒዮናነት ዞሊንገን ወሰደ።

ሊጉ አገር አቀፍ ሲሆን የርቀት ችግር ገጠመው። ጀርመኖቹ ለዚህ ያበጁት መላ ቀላል ነው፦ ሁለት ጎረቤት ክለቦች የጉዞ ጓደኛ ይሆናሉ፤ ቅዳሜና እሑድም በአንድ ከተማ ሁለት ግጥሚያ ያደርጋሉ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የአራቱ አገሮች ሊግ ደግሞ ብዙ ቡድኖችን በአንድ ሆቴል እየሰበሰበ ያጋጥማል። አንድ ጉዞ ብዙ ጨዋታ ሲያስገኝ ወጪው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ከአባልነት የሚገኝ ነው። ለአገር ቡድን የሚሰለፍ ተጫዋች ከአገሩ ጋር ይታሰራል፤ ለክለብ የሚሰለፈው ግን የክለቡ አባል መሆኑ ይበቃዋል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ የሶቪየት ተወላጅ ሆኖ፣ በፈረንሳይ እየኖረ፣ በ1980ዎቹ ለዞሊንገን ተሰልፏል።

ይህ ልዩነት ለጋምቤላ ትልቅ ትርጉም አለው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የትየርኪዲ መጠለያ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት ለተሰደዱ ሰዎች ነው። በዚያ ያደገ ወጣት ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሊሰለፍ ባይችል እንኳ፣ ደንቡ ከፈቀደለት፣ ለአንድ የጋምቤላ ክለብ ሊሰለፍ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሕግ በተወሰነው መሠረት የመሥራትና የመዘዋወር መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። በኬንያ በሚገኘው የካኩማ መጠለያም የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ቼዝን ለስደተኛ ወጣቶች ማስተማር ጀምሯል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ክለቦች ሻምፒዮና በእርግጥ አገር አቀፍ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ደንቡ ሁለት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል። አንደኛው፣ በክለብ ለመሰለፍ ከዜግነት ይልቅ አባልነት መመዘኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከሩቅ የመጣ ቡድን በአንድ ጉዞ በርካታ ግጥሚያ እንዲያደርግ መርሐ ግብሩ መዘጋጀቱ ነው። እነዚህ ከተጓደሉ ሻምፒዮናው ስሙ ብሔራዊ፣ ግብሩ ግን የመዲናይቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በራስ ወልደ ሥላሴ ገበታ ዙሪያ አገልጋዩ ድምፅ ከነበረው፣ በዛሬው ገበታ የትየርኪዲው ልጅ ወንበር ሊነፈገው አይገባም።