የሥነ ሰብእ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንዳደገ



ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ያሰማሁትን ንግግር፣ በሥራ ምክንያት ለማዳመጥ ጊዜ ላላገኛችሁ ሁሉ እንዲደርሳችሁ እነሆ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ። ነገሩ ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙንና መሐንዲሱን የሚያወጣውን ክፍል ለሌላ ቀን ትቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍናና ቴአትር ስለሚጠኑበት ስለ ሥነ ሰብእ ትምህርት ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነኝ አንድ ወዳጄ ነው። እርሱም እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ አምና ልጁ ታሪክ ለመማር መምረጡን እንደ መርዶ አድርጎ ነገረኝና «ተረት ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የምመልስለት አጣሁ። እኔ ራሴ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ስላልተማርሁ፣ መልሱን ከሚያውቁት ሰዎችና ከመጻሕፍት መፈለግ ነበረብኝ።

የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሲከፈት፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ በሚጽፈው ታሪክ እንደሚገኘው፣ የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ኃላፊው የካናዳ ተወላጅ የሆኑት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ሲሆኑ፣ መምህራኑም አብዛኞቹ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በቤቱ ከአያቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ብዙ ነገር የሰማ ልጅ፣ ኮሌጅ ሲገባ ያን ሁሉ ከበር ውጭ ትቶ መግባት ግድ የሚሆንበት ይመስል ነበር።

ደግነቱ ተማሪዎቹ ትተው አልገቡም። ኮሌጁ በተከፈተ ባንድ ዓመት ግድም የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቋሙ፤ ከየአገራቸው የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የጨዋታውንና የእርሻውን ሥርዓት እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት አሳተሙ። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት የፖላንድ ተወላጁ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ ልብሱንና የቤት ዕቃውን ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ በስድስት ኪሎ ጎብኚዎች የሚያደንቁት ሙዚየም ዘሩ የተዘራው በዚህ መልክ ነው። እንግዲህ የአገሪቱን ነገር ወደ ትምህርት ቤቱ ካስገቡት እጆች መካከል ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበሩት ተማሪዎች እጅ መኖሩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ አያሌ ሹማምንት የተገደሉት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ወይም ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.ም በዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ፤ የተቋሙ መጽሔትም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን አስቀድሞ በ1951 ዓ.ም. በሮም፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. በማንችስተር አድርገው ነበር። ሦስተኛው ግን በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ። ስለ ኢትዮጵያ የሚመክሩ ሰዎች ኢትዮጵያ ድረስ ለመምጣት ሦስተኛ ተራ መጠበቃቸው ቢያስገርምም፣ መምጣታቸው ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚቀበላቸው ቤት ተሠርቶ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን እምብዛም ያልተነገረለት ሥራ ነው፤ ይኸውም የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የታሪክ ትምህርት ተማሪ ከመመረቁ በፊት ደብተሩን ይዞ ወደ አንድ አገር ይወርዳል። ስለ አንዲት ከተማ አመሠራረት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ገበያና ስለ ሲራራ ንግድ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል፤ በቤተ ክርስቲያንና በመሥሪያ ቤት የሚገኘውን መዝገብ ይመረምራል። እንዲህ ያሉ በታይፕ የተጻፉና የተጠረዙ ሥራዎች በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ተደርድረው ይገኛሉ። እኔም ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ አንዱን አውጥቼ አነበብሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን ተጽፏል፤ ዕድሜያቸውም ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት ይላል። ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች መካከል በሕይወት የሚገኝ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው በዚያ ወቅት ባይሄድ ኖሮ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው መቃብር በወረደ ነበር።

ነገር ግን ቅር ያለኝን መደበቅ አልፈልግም። ሽማግሌው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተናገሩት ቃል በደብተሩ ላይ እንግሊዝኛ ሆኖ ተቀምጧል። የልጅ ልጃቸው አያቱ ያሉትን ለማንበብ አስተርጓሚ ሊያስፈልገው ነው።

ትምህርቱ እየሰፋ በሄደ ጊዜ ትልልቅ መጻሕፍት ወጡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የታደሰ ታምራት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክና የሥርግው ሀብለ ሥላሴ የጥንቱና የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ታተሙ። በ1953፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከካናዳ የመጡት ክላውድ ሰምነር በግዕዝ የተገኙትን የፍልስፍና ጽሑፎች ከ1974 እስከ 1982 በአምስት ቅጽ አሳተሙ። ከእነዚህም ውስጥ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ማን እንደ ጻፈው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ መኖሩ በራሱ የትምህርቱን ሕያውነት የሚያሳይ ይመስለኛል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ከዘመቻው መልስ የሆነውን፣ በነጻና በቀይ ሽብር ስንት ወጣት እንደ ተቀጠፈ፣ ሐዘኑ በየቤታችን ስላለ አላረዝመውም። የሚያስደንቀው ግን በዚያው በከፋ ዘመን ትምህርቱ ወደ ላይ ማደጉ ነው፤ በ1970ዎቹ መባቻ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተጀመረ፣ የቋንቋዎች ጥናት ተቋም ቆመ፣ የቴአትር ትምህርትም ተከፈተ፤ መንግሥቱ ለማን የመሰለ ጸሐፌ ተውኔት በዚያ አስተምሯል። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ልዩ ልዩ ክፍሎች ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራቸው ተሰናበቱ። ያንድ ሊቅ ወንበር ባዶ ሲሆን ያን የሚሞላ ሰው ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚወስድ እናንተ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

በ1987 ዓ.ም. የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ታተመ። በእንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ቤት መምህር የአማርኛን ሰዋስው በአማርኛ ጽፎ ለአገሩ ሰጠ ማለት ነው። ደብዳቤ ስታረቅቁ የምትጨነቁበት የዐረፍተ ነገር አሠራር በዚያ ተተንትኖ ይገኛል። ዛሬም ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ትግርኛ በየራሳቸው የትምህርት ክፍል ይጠናሉ።

ሆኖም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ 70 እጅ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጅ ብቻ ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ትምህርት እንዲመደብ የሚል መመሪያ ወጣ። አገር መንገድና መብራት የሚያስፈልጋት መሆኑን አልክድም። ግን ወዳጄ «ተረት» ሲል የሰማሁት ያንኑ መመሪያ በቤት ቋንቋ ነበር።

በመጨረሻም ለወዳጄ የመለስሁለት በቃል አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ከሱቅ በርበሬ ገዝቼ ነበር። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው በ1949 ዓ.ም. የተጻፈ አቤቱታ ሆኖ አገኘሁት፤ የቅዳሜው ገበያ ከጎረቤት ከተማ ገበያ ጋር ስለሚጋጭ ወደ ሐሙስ ይዛወርልን የሚል ሲሆን፣ ግርጌው ላይ የገበሬዎች ስምና የጣት አሻራ ተደርድሯል። ባለሱቁን ብጠይቀው፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱ ሞልቶበት አሮጌ ፋይሎችን በኪሎ እንደ ሸጠ ነገረኝ። የቀሩትን ሁለት ቅጠሎች ከፍዬ ወሰድኋቸው፤ መልሱ ግን ከውስጣቸው አልተገኘም።

እነዚህን ሦስት ቅጠሎች ለወዳጄ ልጅ ሰጠሁት። እርሱም ባለፈው ክረምት ወደዚያች ከተማ ሄዶ ነበር። ገበያው ዛሬ የሚቆመው ሐሙስ ቀን ነው። ስለ ለውጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፣ አንደኛው ምንም አላስታወሱም። ሁለተኛው ግን ወረቀቱ ሲነበብላቸው ከስሞቹ አንዱ የአባታቸው መሆኑን ነገሩት፤ አሻራውንም በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።